የዘጠኝ ወር ልጅ ይዤ ከደሴ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ልሥራ ወይስ የተሰጠኝን ዕድገት ልተወው?

ጥያቄ፦ የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህንን የምጽፈው ሥራና ልጅ አብረው የሚያሳድጉ የወሎ እናቶችና አባቶች ምክር አስፈልጎኝ ነው። በአንድ የግል ባንክ የደሴ ቅርንጫፍ ውስጥ ከገንዘብ ከፋይነት ተነሥቼ የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ እስከ መሆን ደርሻለሁ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን፣ በፈረቃ ስለሚያስተምር አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ሳምንት ከሰዓት በኋላ ክፍል ይገባል። ትልቋ ልጃችን ዘንድሮ አፀደ ሕፃናት ጀምራለች፤ ትንሹ ዘጠኝ ወሩን ሊይዝ ጥቂት ቀርቶታል፤ ጡትም ይጠባል።

ሰሞኑን መሥሪያ ቤቴ በኮምቦልቻ ቅርንጫፍ የምክትል ሥራ አስኪያጅነት ቦታ እንድይዝ ደብዳቤ ሰጥቶኛል፤ መልሴንም እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቃል። ቦታውን ተወዳድሬ ያገኘሁት ስለሆነና ለዓመታት የደከምኩበት ስለሆነ ዕድገቱን እንደምፈልገው መደበቅ አልሻም። የደመወዙ ጭማሪም የጤፉና የዘይቱ ዋጋ እንዲህ በሆነበት ጊዜ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው።

የሚያስጨንቀኝ መንገዱና ሰዓቱ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ሰው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ብቻ እንደማይለካ ይረዳኛል፤ በተለይ ክረምት ገብቶ ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው ሚኒባሱ የሚሄደው በዳዴ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ቅርንጫፉ እንዲከፈት ከቤቴ ከአሥራ ሁለት ተኩል በፊት መውጣት ይኖርብኛል። ማታ ደግሞ ከካዝናው ቁልፍ ያዦች አንዷ ስለምሆን የቀኑ ሒሳብ ሳይመጣጠን ንቅንቅ ማለት አልችልም። አንድ ከፋይ የጎደለው ወይም የተረፈው ገንዘብ ካለ ሁላችንም ተቀምጠን ደረሰኝ በደረሰኝ እናያለን። እንዲህ ባለው ቀን፣ በወር መጨረሻና በሰኔ የሒሳብ መዝጊያ ጊዜ ደሴ የምደርሰው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይሆናል ማለት ነው።

ቤቱን በተመለከተ፣ አሁን ያለችን ሠራተኛ መልካም ልጅ ናት፤ ነገር ግን ዓረብ አገር ለመሄድ ፕሮሰስ መጀመሯን ነግራናለች፤ ከእርሷ በፊት የነበረችውም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። አማቴ ከሐይቅ መጥተው ልጁን ሊይዙልኝ ፈቃደኛ ናቸው፤ ሆኖም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ቤታቸውንና ከብቶቻቸውን ለማን ትተው እንደሚመጡም አላውቅም። እናቴና አክስቶቼ «ልጁ ጡት እስኪተው ታገሺ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «አንቺ የወሰንሽውን እቀበላለሁ» ይለኛል። ይህን የሚለው ከልቡ እንደሆነ አምናለሁ፤ ሆኖም ልጆቹን ማን ያበላቸዋል፣ ማን ትምህርት ቤት ያደርሳቸዋል፣ ልጁ ቢታመም ማን ከሥራ ይቀራል የሚለው ጥያቄ ሁሉ ተመልሶ እኔው ላይ ያርፋል።

እንዲህ ባለ መንገድ የተመላለሳችሁ እናቶች ጡት ማጥባቱን እንዴት አደረጋችሁት? ከባለቤቶቻችሁ ጋር ሥራውን እንዴት ተከፋፈላችሁ? ዕድገቱን የተዋችሁስ ካላችሁ ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ነርስ ነኝ፤ ከመዛወሬ በፊት ልጄን ደሴ ትቼ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የጡቱን ጉዳይ ልመልስልሽ፤ ሌላውን ሌሎች ያሟሉታል።

የልጅሽ ዕድሜ ላንቺ ያግዛል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከእናት ጡት በቀር ምንም ስለማይሰጥ እናት ከሕፃኑ ስትርቅ ችግሩ ከባድ ነው፤ ዘጠኝ ወር የሞላው ልጅ ግን በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ የሚበላ ነው። ከቤት ሳትወጪ አጥቢው፣ ስትገቢ ወዲያውኑ አጥቢው፣ ሌሊትም አትከልክይው። ቀን ቀን ወፈር ያለ ገንፎ፣ እንቁላል፣ የተፈጨ አትክልትና ፍራፍሬ ይብላ። ገንፎውን እንዳያቀጥኑት ለሚይዙት ሰዎች አደራ በያቸው፤ በማንኪያ ሲነሣ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሆዱን ይሞላዋል እንጂ አያጠግበውም። ጡቱን እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል ይቻላል፤ ስለዚህ «ጡት እስኪተው ታገሺ» የሚለው ምክር ዕድገቱን ከዓመት በላይ እንድታቆዪ የሚጠይቅ መሆኑን አስቢበት።

ምሳ ሰዓት ላይ ወተትሽን ማለብ ይኖርብሻል። ካላለብሽው ጡትሽ ያብጣል፣ ይታመማል፤ እየቆየም ወተቱ ይቀንሳል። እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ፣ በፈላ ውኃ የተቀቀለ ክዳን ያለው ዕቃ ተጠቀሚ። የታለበ ወተት እስከ 25 ዲግሪ ሙቀት ባለው ክፍል ውስጥ 4 ሰዓት ያህል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስለሚሞቅ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ማታ እወስደዋለሁ እንዳትዪ፤ በረዶ ያለበት ትንሽ የማቀዝቀዣ ሳጥን ብትይዢ እስከ ቤትሽ በደኅና ይደርሳል። ልጁ የሚጠጣውም በጡጦ ሳይሆን በኩባያና በማንኪያ ቢሆን ይመረጣል፤ ጡጦ ለማጽዳት አስቸጋሪ ነው፣ ተቅማጥም ያመጣል። ከማቀዝቀዣ የወጣውን ወተት በቀጥታ እሳት ላይ አያሙቁት፤ ዕቃውን ሞቅ ባለ ውኃ ውስጥ ማቆም ይበቃል።

ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አስቀድመሽ በሩ የሚዘጋ ክፍል እንዲፈቅዱልሽ ጠይቂ። እኔ የጠየቅሁት በሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ነበር፤ ማንም ክፉ አላየኝም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ ማለብን ግን በፍጹም አልመክርም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ዘጠኝ ወር ሲሞላው የኩፍኝ ክትባት አለው፣ ሁለተኛው ደግሞ በ15 ወሩ ነው። እነዚህን ቀኖች ለባለቤትሽ ስጪው። ካርዱን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ ለአባት የማይከብድ ሥራ ነው፤ በእኛ ክፍል ልጅ ታቅፈው የሚመጡ አባቶች ቁጥር ከዱሮው እየጨመረ ሳይ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

ደብዳቤውን ከመፈረምሽ በፊት ልታጣሪው የሚገባ አንድ ጉዳይ ስላለ ነው የምጽፍልሽ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አዋጁ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይወስናል፤ የትርፍ ሰዓት ሥራም በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ወሰን አለው። ነገር ግን ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3 ላይ «የሥራ መሪ» የሚባለውን ሠራተኛ ከተፈጻሚነቱ ውጭ ያደርገዋል። ሰው የሥራ መሪ የሚባለው በማዕረጉ ስም ሳይሆን በተሰጠው ሥልጣን ነው፤ ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ሥልጣን ካለው ማለት ነው። አብዛኞቹ ምክትል ሥራ አስኪያጆች እንዲህ ያለ ሥልጣን አላቸው ማለቴ አይደለም። ሆኖም የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቀሽ አንብቢው፤ የሥራ መሪ ተብለሽ የምትመደቢ ከሆነ የሰዓትሽና የፈቃድሽ ዋስትና የሚሆነው በዋናነት የምትፈርሚው ውልና የባንኩ መመሪያ ነው። ባንኩ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የተፈራረመው ውል ካለው፣ እርሱንም ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።

በአዋጁ ሥር የምትቆዪ ከሆነ ደግሞ የዓመት ፈቃድሽ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየጨመረ ይሄዳል፤ ከአሠሪሽ ጋር ከተስማማሽ ከፋፍለሽ መውሰድ ትችያለሽ። እኔ ለእናቶች የምመክረው ሙሉውን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ግማሹን ለክረምቱና ለልጅ ሕመም ማቆየትን ነው። ከዚህ በተጨማሪ ከባድና ያልታሰበ ነገር ሲያጋጥም እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ መውጣት ይፈቀዳል፤ ይህም በበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ አይሆንም። ልጅ ሆስፒታል ሲተኛ ይህን ፈቃድ መኖሩን ሳያውቁ ከሥራ የቀሩና በቅጣት ደመወዝ የተቆረጠባቸው እናቶች አጋጥመውኛል።

ከጥያቄሽ ውጭ ቢሆንም፣ አዋጁ ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን በሙሉ ደመወዝ ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። አባት ልጁን ማጠብ ሳይማር ሥራ ይገባል፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር የእናቲቱ ይሆናል። ይህ አንድ ቀን መስተካከል እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ።

በመጨረሻም የመጓጓዣ አበል ወይም የሠራተኛ ሰርቪስ መኖር አለመኖሩን አሁኑኑ ጠይቂ። ከፈረምሽ በኋላ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ ይዘገያል።

መልስ፦ እናት ከመርሳ

እኔ የመጣልኝን ዕድገት ትቼዋለሁ፤ ስለጠየቅሽ እውነቱን ልንገርሽ። ቦታው ወልድያ ነበር፤ ልጄ በሽታው የሚደጋገምበት አስም ስለነበረበት፣ ባለቤቴም ከባድ መኪና አሽከርካሪ በመሆኑ ከቤት ይርቅ ስለነበር፣ ሌሊት ትንፋሽ ቢያጥረው ይዞት የሚሮጥ ሰው አልነበረም። ዛሬም ቢሆን የምወስነው ያንኑ ነው። አንቺ ግን ልጆችሽ ጤነኞች ናቸው፤ ባለቤትሽም በየቀኑ ደሴ የሚያድር፣ ግማሽ ቀኑን ቤት የሚውል ሰው ነው። የኔን ውሳኔ እንደ ምሳሌ ወስደሽ እንዳትተዪው አደራ።

መልስ፦ የጦሳ ሥር መምህር፣ ደሴ

ሰላም ለእርስዎ። እኔም እንደ ባለቤትዎ በፈረቃ የማስተምር፣ ሦስት ልጆች ያሉኝ አባት ነኝ፤ ባለቤቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለሆነች ሌሊትም ትሠራለች። በጽሑፍዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «አንቺ የወሰንሽውን እቀበላለሁ» የሚለውን ቃል ነው። እኔም ለባለቤቴ የምሰጣት መልስ ይኸው ነበር፤ ክብር የሰጠኋትም ይመስለኝ ነበር። እርሷ ግን አንድ ቀን በጸጥታ «የምፈልገው ፈቃድ አይደለም፤ ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹን ማን ያደርሳቸዋል?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

በቤታችን የጠቀመን ነገር ሥራውን ከነኃላፊነቱ መከፋፈላችን ነው። ይህን ስል፣ አባት የታዘዘውን ይሠራል ማለት አይደለም። ለምሳሌ የትልቋ ልጅ ትምህርት ቤት የኔ ከሆነ የምሳ ዕቃዋን የማዘጋጀው፣ ዩኒፎርሟ መታጠቡን የማየው፣ የወላጆች ስብሰባ ቀኑን የማስታውሰው፣ ክፍያውንም የምከፍለው እኔ ነኝ። እናቷ ሥራ ቦታዋ ላይ ሆና «ዛሬ ምሳዋን ይዛለች?» ብላ ማሰብ የለባትም። ብዙዎቻችን ወንዶች ገበያ እንሄዳለን፤ ነገር ግን ምን እንደጎደለ የምናውቀው ዝርዝሩ ሲጻፍልን ነው። ጎመኑ፣ ሽንኩርቱ፣ ምስሩ፣ ከሰሉ መቼ እንደሚያልቅ አስቦ መያዝ ራሱ ሥራ ነው፤ እናቶችን ከእንጀራው መጋገር ባልተናነሰ የሚያደክማቸው እርሱ ነው።

የፈረቃውን ነገር እንደ ትልቅ ሀብት ይቁጠሩት። ባለቤትዎ ከሰዓት በኋላ በሚያስተምርበት ሳምንት ጠዋቱን ሙሉ ልጁን መያዝና ማብላት፣ ትልቋንም ማድረስ ይችላል፤ ጠዋት በሚያስተምርበት ሳምንት ደግሞ ከሰዓቱ የእርሱ ነው። ስለዚህ ሠራተኛዋ ወይም አያትየው ብቻቸውን የሚቆዩት ግማሽ ቀን ይሆናል። የተማሪዎችን ፈተና ማረምና የትምህርት ዕቅድ ማዘጋጀት እንዳለበት አውቃለሁ፤ እኔም አለብኝ፤ ልጆቹ ሲተኙ ይሠራል። ርእሰ መምህሩን አስቀድሞ ካነጋገራቸው ፈረቃው ከሌላ መምህር ጋር የሚቀያየርበት መንገድም አይጠፋም።

የሰውን አስተያየት በተመለከተ፣ ልጅ አዝዬ ጤና ጣቢያ ስሄድ ያዩኝ የሠፈር ሰዎች መጀመሪያ በቅሬው (በዕድሩ) ስብሰባ ላይ ሲያነሡብኝ ነበር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ግን «ልጁ የማን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁና ወሬው እዚያው ቆመ። ባለቤትዎ ይህን ጽሑፍ እንዲያነብ ቢያደርጉ፣ ፈቃዱ ከሆነም በአካል ተገናኝተን ብንነጋገር ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ጡረተኛዋ መምህርት፣ ደሴ

ልጄ፣ እኔ በዚህችው ከተማ አራት ልጆች እያሳደግሁ እስከ ጡረታዬ ያስተማርኩ ነኝ። ነርሷና መምህሩ የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አማትሽ፣ ስለ ሠራተኛሽና ስለ ማኅበራዊ ኑሮው ነው።

አማትሽን ሙሉ በሙሉ ከሐይቅ ነቅለሽ እንዳታመጫቸው እለምንሻለሁ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው የዘጠኝ ወር ልጅ ማንሣት፣ ሲድህ መከተል፣ ከደረጃ መመለስ አይችልም፤ ልጁ መራመድ ሲጀምር ደግሞ ይብሳል። እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው እሺ ይሉሻል፤ በሁለት ወር ውስጥ ቤታቸውና ከብቶቻቸው ይናፍቋቸዋል፣ ሕመማቸውም ይጸናል፤ ያን ጊዜ የሚጎዳው ፍቅራችሁ ነው። ከዚያ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ሥራውን ስትለምጂ፣ ኋላም በሰኔ የሒሳብ መዝጊያችሁ ወቅት ለአጭር ጊዜ እንዲመጡ ለምኛቸው። ሲመጡም የልጁን ነገር የሚቆጣጠሩ እንጂ የሚሸከሙ አይሁኑ፤ ገንፎው በወጉ መገንፋቱን፣ ሠራተኛዋ ልጁን ችላ አለማለቷን የሚያዩ ዓይኖች በቤት ውስጥ መኖራቸው ብቻ ያሳርፍሻል።

ስለ ሠራተኛዋ ደግሞ ልብ ብለሽ ስሚኝ። በወሎ ያለን እናቶች ሁሉ የምናውቀው ነው፤ ልጆቹ ዓረብ አገር የሚሄዱት ጠልተውን አይደለም። ቤተሰብ አለባቸው፣ ወንድም የሚያስተምሩ አሉ፣ የአባታቸውን ቤት ቆርቆሮ ሊያለብሱ የሚያስቡ አሉ፤ እኛ የምንከፍለው ያንን አያደርስም። የመጣችዋን ሁሉ አስቀራለሁ ብለሽ አትድከሚ፤ ነገር ግን የምትቆይበትን ጊዜ ማስረዘም ይቻላል። የማታ ትምህርት አስገቢያት፤ ማታ ማታ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነፃ እንድትሆን ባለቤትሽ ቤት ይገኝ። የሳምንት ዕረፍት ቀኗ አይነካ፤ ዒድም ሆነ ፋሲካ ለቤተሰቧ የምትሄድበትን አስቀድማ ትወቅ። ደመወዟን በየወሩ በራሷ የባንክ ሒሳብ አስገቢላት፤ አንቺ ባንክ ነሽና ይህ አይከብድሽም። እኔ ቤት እንዲህ ሆና የተማረች ልጅ ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ልጆቼን ትጠይቃለች፣ እኔም ልጆቿን እጠይቃለሁ። ዕድሜዋ ያልደረሰ ሕፃን ግን አትቅጠሪ፤ ልጅ ልጅ አያሳድግም፤ እርሷም ራሷ ትምህርት ቤት መዋል የሚገባት ናት።

ሌላው ማንም የማያነሣው ነገር ቅሬው፣ ለቅሶው፣ የአራስ ጥየቃው፣ ወዳጃው (የዱዓ መሰባሰቡ)፣ ማኅበሩ ነው። በሌላ አገር ሥራና ቤት ሲባል ሁለት ነገር ይሆናል፤ በእኛ በወሎ ግን ጎረቤት ሦስተኛው ነው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ የሚቀባበር ስለሆነ ለቅሶ የማይደርስ ሰው የለም። የኮምቦልቻ ሥራ ቀን ቀን ለቅሶ ቤት መዋል አያስችልሽም። ስለዚህ የቅሬውን ሰብሳቢ ሴት ቀርበሽ አነጋግሪያቸው፤ ቀን መምጣት እንደማትችዪ፣ በእንጀራ፣ በዱቄት ወይም በገንዘብ ድርሻሽን እንደምታወጪ፣ ማታና እሑድ ደግሞ እንደምትደርሺ ንገሪያቸው። እኔ በማስተምርበት ጊዜ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ ማንም አልተቀየመኝም። ሰው የሚቀየመው ሳይነገረው የተተወ ሲመስለው ነው። ቡናውንም ሙሉ በሙሉ አትተዪው። እሑድ ከሰዓት አቦሉን ለጎረቤቶችሽ ጥሪና አፍይ፤ ልጅሽ ሲታመም ቀድሞ የሚደርስልሽ ጎረቤት ነውና።

ዕድገቱን ውሰጂ ወይም ተዪ አልልሽም፤ ይህ የባልና የሚስት ምክር ነው። ብትወስጂው ግን «ሁሉን እኔ እችላለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። እኔ በዘመኔ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ የምጋግርበት ጊዜ ነበር፤ ሰዎች «ጎበዝ ናት» ይሉኝ ነበር። ዛሬ ሴት ልጆቼ ያንን እንዲደግሙት አልፈቅድም። እንጀራውን ከጋጋሪ ግዢ፤ ከዚያ የሚተርፈውን እንቅልፍ ተኚው።

መልስ፦ የሆጤዋ እናት፣ ደሴ

ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። መልሶቻችሁን ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን አነበብን፤ የመምህሩን መልስ ደግሞ ለብቻው ወስዶ ደግሞ አነበበው፤ ሊያገኛቸውም ይፈልጋል።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን የለበትም፤ የዓመት ፈቃዴና የሥራ ሰዓቴ እንደ ቀድሞው እንደሚቀጥል በውሉ ላይ እንዲገባ ጠይቄያለሁ፤ መልሱን እየጠበቅሁ ነው። የሠራተኛ ሰርቪስ የለም፤ የመጓጓዣ አበል ግን አለ። ከደሴ የሚመላለሱ ሌሎች ሁለት የሥራ ባልደረቦች ስላሉ ከአንድ ሚኒባስ ሾፌር ጋር በወር ለመዋዋል እየተነጋገርን ነው፤ እንዲህ ከሆነ ጠዋት መናኸሪያ ገብቶ መኪናው እስኪሞላ መጠበቅ ይቀራል፤ ሾፌሩም ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው እንዲሆን መርጠናል።

ባለቤቴ የትልቋን ትምህርት ቤት፣ የትንሹን ክትባትና የቤቱን አስቤዛ ከነሐሳቡ ወስዷል። አስቤዛውን ሲረከበኝ በርበሬያችን ሊያልቅ መሆኑን እንኳ እንዳላወቀ ሲገነዘብ ራሱ ደነገጠ፤ ቅዳሜ ዕለት «ሰኞ ገበያ» ወደሚባለው ገበያ ወርዶ ዛላውን ገዝቶ መጣ። እኔ ደግሞ የልጆቹን ሌሊትና የሕክምና ክትትል ይዣለሁ። አማቴን ለመጀመሪያው ወር ብቻ እንዲመጡልን ልንለምናቸው ነው። ሠራተኛችን የጉዞዋ ፕሮሰስ እስኪያልቅ ድረስ አብራን ትቆያለች፤ በእርሷ ምትክ የምትመጣዋን ግን ከአሁኑ እያፈላለግን ነው፤ ሁለቱ ለጥቂት ሳምንታት አብረው ቢቆዩ ልጁ አዲሷን ይለምዳታል ብለን አስበናል።

ለከቦርከና ማዶ አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። ልጁ በኩባያ ሲሰጡት ይተፋዋል፤ ጡቴን ካላየ አልጠጣም ይላል። ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንዴት ላለማምደው?

መልስ፦ ከቦርከና ማዶ፣ ኮምቦልቻ

እንኳን ደስ አለሽ። ኩባያውን አንቺ አትስጪው፤ ሽታሽን እያወቀ ኩባያ አይቀበልም። አባቱ ወይም ሠራተኛዋ ይስጡት፤ አንቺ ከክፍሉ ውጪ፣ ቢቻል ከግቢም ውጪ ሁኚ። በጣም ሲርበው እየጮኸ አይሞክሩት፤ እንቅልፉን ጨርሶ ደስ ሲለው በትንሽ ማንኪያ ይጀምሩ። ጀርባውን ደግፈው ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ የኩባያውን ጠርዝ ታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፈው ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ያዘንብሉት፤ ራሱ ይልሰዋል። አፉ ውስጥ ካፈሰሱበት ግን ይታነቃል፣ ሁለተኛም ኩባያ አያምንም። ቢተፋው ትተውት ከሰዓት በኋላ እንደገና ይሞክሩ። ከአሁኑ ጀምሩ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ በቂ ጊዜ አላችሁ። ወተቱን እምቢ ባለበት ቀን ገንፎውን በታለበው ወተትሽ ለስለስ አድርገው ቢሰጡት ወተቱ አይቀርበትም።